ከመንጋጋ ወደ ጆሮ

በቋንቋችን «ራስ» የሚለው ቃል ብዙ ተሸክሟል። በመጀመሪያ ከአንገት በላይ ያለው የአካላችን ስም ነው። ቀጥሎም የማንነታችን ስም ነው፤ «ራሱን ቻለ»፣ «ራሷን ጠየቀች» ስንል ሰውን ከነሙሉ ህልውናው መጥራታችን ነው። ከዚህም አልፎ ለዘመናት የሥልጣን ስም ሆኖ ኖሯል፤ ከንጉሥ በታች ያለው ታላቅ ሹም «ራስ እገሌ» ይባል እንደነበር የታወቀ ነው። አካል፣ ማንነትና ሥልጣን በሁለት ፊደላት ውስጥ አብረው አድረዋል። ይህ የቃሉ ሸክም አንድ ሥር የሰደደ እምነትን ያንጸባርቃል፤ ይኸውም ሰው ሰው የተባለው በራሱ ነው፤ ራሱም ከፍጡራን ሁሉ የተለየበት የብቻው ዘውድ ነው የሚል ነው።

ለመሆኑ ይህ ዘውድ ከየት መጣ? በእርግጥስ የብቻችን ነውን? የብቻችን ካልሆነስ፣ ከበግና ከዝንጀሮ ጋር የምንጋራው ከሆነ፣ የሰው ክብር ምን ላይ ሊቆም ነው? ጥያቄው የአጥንት ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በኪነ ጥበብ መጽሔት ላይ ባላነሣሁት ነበር። ዳሩ ግን የሰውን ራስ የለኩ ሰዎች በአብዛኛው በልኬት አላቆሙም። ከለኩ በኋላ መዝነዋል፤ ከመዘኑ በኋላ በደረጃ ከፋፍለዋል፤ የክፍፍሉንም ዋጋ ሌሎች በሕይወታቸው ከፍለዋል። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ልጅ ሳለሁ በየፋሲካው ማግስት አያቴ የታረደውን በግ ራስ ትቀቅል ነበር። ሥጋው ተበልቶ፣ መረቁም ተጠጥቶ ሲያበቃ አጥንቱ የእኔ ድርሻ ነበር፤ ጓሮ ወስጄ እያገላበጥኩ አየዋለሁ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ በቅሉ ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄደው ቀጭን መስመር ነበር፤ ቁርጥ የልብስ ስፌት ይመስላል።

«እምዬ፣ ይህን ማን ሰፋው?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«የፈጠረው ነዋ!»

«የእኛም ራስ ስፌት አለው?»

«አለው እንጂ! የእህትህን እርግብግቢት አላየህም? ገና ተሰፍቶ ስላላለቀ እኮ ነው ቅቤ የምንቀባው» አለችኝ።

ጡት ያልጣለችው ታናሽ እህቴ አናት መሐል ላይ ከልብ ምቷ ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን ለስላሳ ቦታ ማለቷ ነበር። ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሰው ራስ ቅል በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳገኘው ያንኑ ስፌት አየሁ። የግንባር አጥንት፣ የግራና የቀኝ ጎን አጥንቶች፣ የማጅራት አጥንት፣ የጉንጭ አጥንት፤ መጠኑና ቅርጹ ይለያይ እንጂ ዋና ዋናው ዝርዝር ከአያቴ ድስት ከወጣው ራስ ጋር አንድ ነበር። ያን ዕለት የተሰማኝን አልረሳውም። ከድንጋጤው ዘመድ ማግኘቱ በለጠብኝ።

ይህ ስሜት ለሁሉም ደስ የሚል አልነበረም። በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ ሊቃውንት ሰውን ከእንስሳ ለይቶ የሚያሳይ አንድ የአጥንት ምልክት ፍለጋ ላይ ነበሩ። ብዙዎቹ ያገኙት መስሏቸው ነበር። በላይኛው መንጋጋ ፊት ለፊት፣ የፊት ጥርሶች በሚተከሉበት ቦታ፣ በጦጣም በበሬም በበግም ራስ ላይ ራሱን የቻለ አንድ ትንሽ አጥንት ይታያል። በሰው ላይ ግን ይህ አጥንት ተለይቶ አይታይም። ስለዚህ ስመ ጥሩው የኔዘርላንድስ ሐኪም ፔትሩስ ካምፐርና ሌሎችም ሰው ይህ አጥንት የለውም አሉ። አለመኖሩም የልዩነቱ ማኅተም ሆኖ ተቆጠረ።

ይህን ማኅተም ከሰበሩት አንዱ ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ነበር። ዮሐን ቮልፍጋንግ ጎቴ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1784 በዬና ከተማ ከአጥንት ሊቁ ከሎደር ጋር የሰውንና የእንስሳትን ራስ ቅሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ መረመረ። ዕድሜው 34 ዓመት ነበር። በሰው ላይ ያገኘው ለብቻው የቆመ አጥንት አልነበረም፤ በላንቃ ላይ የቀረ የስፌት ፋና ነበር። አጥንቱ በሰውም አለ፤ ነገር ግን ሰው ገና ሳይወለድ ከጎረቤቱ አጥንት ጋር ስለሚዋሐድ ከዓይን ይሰወራል። ጎቴ የተሰማውን ታላቅ ደስታ ወዲያውኑ ለወዳጁ ለሄርደር በደብዳቤ ገለጸ። ካምፐር ግን አላመነም፤ ጽሑፉም ለሕትመት የበቃው ከ36 ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1820 ነው። በፈረንሳይ ቪክ ዳዚር የተባለው ሊቅ ከእርሱ ጋር ሳይማከር እዚያው መደምደሚያ ላይ ደርሶ ነበር።

ገጣሚው ከሐኪሞቹ ይበልጥ አጥንት ያውቅ ነበር ለማለት አልደፍርም። ልዩነቱ የፍለጋው አቅጣጫ ላይ ይመስለኛል። እነርሱ ድንበር ሲፈልጉ እርሱ ዝምድና ይፈልግ ነበር። የማይመሳሰል በሚመስለው ነገር ውስጥ መመሳሰልን ማየት የገጣሚ የዕለት ሥራው ነው፤ በዚያን ዕለት ይኸው ልማድ ለሳይንስ ጠቀመ።

ይሁን እንጂ የራሳችን ዝምድና በግና ጦጣ ላይ አያበቃም። የሰው ፅንስ በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ገደማ በአንገቱ አካባቢ ግራና ቀኝ ቅስት የመሰሉ እብጠቶች ያወጣል። በዓሣ ፅንስ ላይም እነዚሁ ቅስቶች ይታያሉ። በዓሣው የመጀመሪያው ቅስት መንጋጋ ይሆናል፤ ከኋላ ያሉት ደግሞ ውኃ ውስጥ የሚተነፍስበትን አካል ይሸከማሉ። በሰውም የመጀመሪያው ቅስት መንጋጋን ይሠራል፤ ነገር ግን ሌላም ነገር ይሠራል። የምናገረው ነገር ሁሉ ያረፈው እዚህ «ሌላ ነገር» ላይ ነውና አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ።

ከጆሯችን ታምቡር በስተጀርባ ሦስት ደቃቅ አጥንቶች አሉ፤ በቅርጻቸው መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ይባላሉ። ድምፅ ታምቡሩን ሲመታው መዶሻው መስፉን፣ መስፉ እርካቡን እያንቀሳቀሰ ንዝረቱን ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያሻግሩታል። እ.ኤ.አ. በ1837 ካርል ራይኸርት የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ፅንሶችን ሲመረምር መዶሻውና መስፉ በእንሽላሊትና በመሰል ገበሎ አስተኔዎች ዘንድ የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ ከሚያጋጥሙት ሁለት አጥንቶች ጋር አንድ መሆናቸውን አሳየ። ከዚያ ወዲህ የተገኙት ቅሪተ አካላት የለውጡን ደረጃዎች በቅደም ተከተል አስቀምጠውልናል። ከ200 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው ሞርጋኑኮዶን የተባለ አይጥ መሰል እንስሳ ሁለት የመንጋጋ ማጠፊያዎች ጎን ለጎን ነበሩት፤ አሮጌውና አዲሱ። አዲሱ ማጠፊያ የማኘኩን ሥራ እየተረከበ ሲሄድ የአሮጌው አጥንቶች እያነሱ፣ እየረቀቁ፣ በመጨረሻም ከመንጋጋ ተላቀው ወደ ጆሮ ገቡ።

በአጭሩ፣ ዛሬ የምንሰማባቸው አጥንቶች ትናንት የሚነከስባቸው ነበሩ። የእናት እንጉርጉሮ፣ የክራር ቅኝት፣ የተበደለ ሰው አቤቱታ ወደ ውስጣችን የሚገባው በአሮጌ መንጋጋ ስባሪዎች በኩል ነው። ይህን ጸሐፌ ተውኔት ቢፈጥረው ተመልካች «አጋነነ» ይለው ነበር።

ከዚህ እውነት አንድ ትምህርት እናገኛለን። በራሳችን ላይ ያለው ከፍ ያለ ነገር ከሰማይ የተለየ ዕቃ ተልኮለት የተሠራ አይደለም፤ የነበረው ዕቃ ለሌላ አገልግሎት ዋለ እንጂ። ስለዚህ ሰውን ከእንስሳ የሚለየው አጥንት የቱ ነው ብሎ መጠየቅ ጥያቄውን ከመነሻው ማጣመም ነው። መጠየቅ ያለበት የወረስነውን ራስ ምን እንሠራበታለን የሚለው ነው።

ብዙዎች ግን ይህን ትምህርት መቀበል ከብዷቸዋል፤ ራስ በሁሉም ነገር ቀዳሚ እንዲሆን ይፈልጋሉና። እ.ኤ.አ. በ1912 በእንግሊዝ አገር ፒልትዳውን በተባለ ቦታ የጥንት ሰው ራስ ቅል ተገኘ ተብሎ ታወጀ። ቅሉ ሰፊ የሰው ቅል፣ መንጋጋው ግን የጦጣ ዓይነት ነበር። ብዙ ሊቃውንት ደስ አላቸው፤ ሰው አስቀድሞ በአንጎሉ ሰው ሆነ፣ ሌላው አካሉ በኋላ ተከተለ የሚለውን ግምታቸውን አጸደቀላቸው። እ.ኤ.አ. በ1924 በደቡብ አፍሪካ ታውንግ ላይ ትንሽ አንጎልና ለሰው የቀረበ ጥርስ ያለው የሕፃን ራስ ቅል ሲገኝና በቀጣዩ ዓመት ሬይመንድ ዳርት ሲያስተዋውቀው ለብዙ ዓመታት ሰሚ አጣ። እ.ኤ.አ. በ1953 ግን የፒልትዳውኑ ራስ የማታለያ ሥራ መሆኑ ተጋለጠ፤ ቅሉ የሰው፣ መንጋጋው የኦራንጉታን፣ ጥርሶቹም በሞረድ የተስተካከሉ ነበሩ። ሊቃውንቱን ለ41 ዓመታት ያታለላቸው የአጭበርባሪው ብልሃት ብቻ አልነበረም። ማየት የፈለጉትን ስላሳያቸው ተታለሉ።

እውነቱ የተገለጠው በአፍሪካ ምድር ነው። በታንዛኒያ ላኤቶሊ በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የታተመው የእግር ዱካ ከ3.6 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው፤ የሁለት እግር አካሄድ ነው። በአፋር ሐዳር በኅዳር 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1974) የተገኘችው ድንቅነሽም ከ3.2 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። የድንቅነሽ ራስ ቅል ግን ከመንጋጋዋና ከጥቂት ስብርባሪዎች በቀር አልተገኘም። የዘመዶቿን ራስ ያሳዩን ሌሎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 እዚያው ሐዳር የተገኘው ቅልና እ.ኤ.አ. በ2000 ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃን ሰላም ይጠቀሳሉ። ከእነርሱም የሚቀድመውን የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ራስ ቅል ዮሐንስ ኃይለሥላሴና ጓዶቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወራንሶ ሚሌ አውጥተውታል። የድንቅነሽ ወገኖች አንጎል ከ400 እስከ 550 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከቺምፓንዚው ብዙም አይርቅም። የእኛ አማካይ ወደ 1,350 ይደርሳል።

እንግዲህ እግር ራስን ቀድሞታል። ቆሞ መሄድ መጣ፤ እጅ ነፃ ወጣ፤ ራስ የሰፋው ከዚያ በኋላ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1876 በጻፈውና ከሞተ በኋላ በታተመው ጽሑፉ ይህንኑ ቅደም ተከተል ገምቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ይህን የሚመሰክር አንድም የአፍሪካ ቅሪተ አካል በእጁ አልነበረም። ራስ ሹም፣ እግር ሎሌ ነው ብለው ለኖሩ ሁሉ ይህ የሚጎረብጥ ዜና ነው። በራሳችን ሥርም ማስረጃው አለ፤ ኅብለ ሰረሰር የሚያልፍበት ቀዳዳ በበግ በስተኋላ፣ በእኛ ግን ከሥር ነው። ራሳችን ቀጥ ባለ ምሰሶ ላይ ተመዛዝኖ ተቀምጧል። ከፍ ብሎ የሚያየው ከታች ያለው ስለተሸከመው ነው።

«አጥንቱ ካልለየን የአንጎል መጠን ይለየን» የሚሉም ተነሥተዋል። መጠን ግን ታማኝ ዳኛ አይደለም። በአውሮፓ የኖሩት ኔአንደርታሎች አንጎላቸው ከእኛ ቢበልጥ እንጂ አያንስም ነበር። ለእኛ ለጸሐፊዎች የሚቀርብ ምሳሌም አለ፤ የሩሲያው ታላቅ ደራሲ ቱርጌኔቭ ሲሞት አንጎሉ ተመዝኖ 2,012 ግራም፣ የፈረንሳዩ አናቶል ፍራንስ ደግሞ 1,017 ግራም ሆኖ ተመዝግቧል። አናቶል ፍራንስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ደራሲ ነው። በሚዛን የሚያነብ ሰው ካለ ግማሹን ሥራውን ይተውለት!

በመላው ራሳችን ላይ የብቻችን የሆነ አንድ ነገር ቢፈለግ አገጫችን ይገኛል። ቺምፓንዚም ሆነ ኔአንደርታል ወደ ፊት የወጣ አገጭ የለውም። ምን እንደሚሠራልን ግን ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። «ሰው ሰው የሆነው በአገጩ ነው» ብሎ ለመስበክ የሚደፍር አላየሁም።

ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል። ድንበር ፈላጊዎቹ ሰውንና እንስሳን የሚለይ አጥንት ሲያጡ መለኪያቸውን ወደ ሰው አዞሩት። ሳሙኤል ሞርተን በፊላደልፊያ የብዙ ሕዝቦችን ራስ ቅል ሰብስቦ በመጀመሪያ በዘር ፍሬ፣ በኋላም በእርሳስ ጥይት እየሞላ ለካ፤ እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው መጽሐፉም የራሱን ወገን በላይ፣ ጥቁሩን በታች አድርጎ ደረደረ። የሃይቲው ተወላጅ አንቴኖር ፊርማን እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ሰው ዘሮች እኩልነት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ከንቱ ድርድር አፈራርሶታል፤ የሰማው ግን ጥቂት ነበር። ከ1904 እስከ 1908 እ.ኤ.አ. ጀርመን በናሚቢያ ሄሬሮንና ናማን በፈጀችበት ወቅት የሟቾች ራስ ለምርምር ተብሎ በሳጥን ወደ በርሊን ተጫነ። በማጎሪያ የነበሩ ሴቶች ሥጋውን በመስተዋት ስባሪ እንዲፍቁ ይገደዱ ነበር። ከራሶቹ ጥቂቶቹ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በ2014 እና በ2018 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዝምድናን የካደ ዕውቀት ምን ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

እዚህ ላይ ቅን የሆነ ተቃውሞ ይነሣል። «ከእንስሳ ጋር ዘመድ ነን ካልን ለአውሬነታችን ሰበብ መስጠታችን አይደለምን?» የሚል ነው። ተቃውሞውን አልንቀውም። ይሁን እንጂ እንስሳውን በቅጡ እንመልከተው። በስሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮ ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱንና ክራንቻውን ያሳያል፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ጠብ ሳይነካከሱ ይበርዳል። በሰላሙ ጊዜ ደግሞ ከንፈሩን እያማታ ድምፅ ሲያሰማ ምቱ ወደ ሰው ንግግር የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። ፊቱ መድረክ ነው፤ ተዋናይ የሆነ ሁሉ ከእርሱ ይማራል። የአንድን ሙሉ ሕዝብ ራስ ቆርጦ፣ ለክቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ በመደርደሪያ ያስቀመጠ ጭላዳ ግን የለም። ይህን ያደረገ ሰው «እንስሳ ሆነ» ስንለው እንስሳውን እናማዋለን፤ ሰውየውንም ከተጠያቂነት እናወጣዋለን።

ሌላም መልስ አለ። አያቴ እንዳለችው ስንወለድ ራሳችን ተሰፍቶ አላለቀም። አጥንቶቹ ያልተጋጠሙት በአንድ በኩል በጠባቡ የማሕፀን በር ለማለፍ፣ በሌላ በኩል አንጎሉ ገና ብዙ ስለሚያድግ ነው። የተወለደ ሕፃን አንጎል የሙሉ ሰውን አንጎል ሲሶ አይሞላም። የዲኪካዋ ሰላም ወገኖችም አንጎላቸው የጦጣ አደረጃጀት ይኑረው እንጂ ዕድገቱ ረዘም ያለ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አመልክቷል። በሌላ አነጋገር የሰው ራስ የሚያልቀው ከማሕፀን ውጭ ነው፤ በእናት ጭን፣ በጎረቤት ጫወታ፣ በተረት፣ በዜማ፣ በትምህርት ቤት። ከሌሎች ድምፅ ይሠራል። ሰበብ ለመፈለግ ወደ አውሬ ከመሄዳችን በፊት ለዚያ ክፍት ራስ ምን አሰማነው ብለን ብንጠይቅ ይሻላል።

ጥንታውያኑም ለራስ ያደረጉት ሁለት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በመካከለኛው አዋሽ ቦዶ ላይ የተገኘው የ600,000 ዓመት ገደማ ራስ ቅል ሥጋው በድንጋይ መሣሪያ የተፋቀ መሆኑን የሚያሳዩ ጭረቶች አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1997 ከሄርቶ የወጣውና 160,000 ዓመት የሚሆነው የሕፃን ራስ ቅልም ጭረት አለበት፤ ነገር ግን ደግሞ በተደጋጋሚ በእጅ ከመያዙ የተነሣ የለሰለሰና የወዛ ነው። አንድ ሰው ያንን ራስ ለረጅም ጊዜ ይዞት ኖሯል። በአጥንቱ ላይ ፍቅር ይሁን አምልኮ አልተጻፈም፤ መያዙ ግን ተጽፏል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ ሐዳር ላይ ስትገኝ፣ በዚያው ወር በቀናት ልዩነት ውስጥ፣ በአዲስ አበባ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ባለሥልጣናት ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ በጥይት ተገደሉ፤ «ራስ» የሚል ማዕረግ የነበራቸውም ከመካከላቸው ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ የቀይ ሽብር ዓመታት መጡ፤ ያን ጊዜ የተገደሉት ማዕረግ የሌላቸው፣ አብዛኞቹም ወጣቶች ነበሩ። የአፋር ምድር ራስ ሲያወጣ የከተማው ምድር ራስ ይውጥ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ የራስ ቅል የሚታይባቸው ሁለት ቤቶች አሉን። አንዱ በአምስት ኪሎ አቅጣጫ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው፤ ሌላው እ.ኤ.አ. በ2010 በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። ተማሪዎቻችንን ወደ መጀመሪያው በኩራት እንወስዳለን። ወደ ሁለተኛው ግን ብዙዎቻችን ብቻችንን እንሄዳለን፤ አንዳንዶቻችንም አንሄድም። እኔ ሁለቱን በአንድ ቀን አይቼአለሁ። ስፌቱ አንድ ነው።

በዚያን ዘመን መስማት ጠፍቶ ነበር ብዬ ልጨርስ አስቤ ነበር። ነገር ግን ቋንቋችን አላስቻለኝም። «ጆሮ ጠቢ» የሚል ቃል አለንና! ያን ጊዜ ግድግዳውም ይሰማ ነበር፤ በየመንደሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየመኝታ ቤቱ ጆሮ ሞልቶ ነበር። ጆሮ ጠቢው የሚሰማው ሊነክስ ነው፤ ያ ጥንታዊ አጥንት በእርሱ ዘንድ ወደ መንጋጋነቱ ተመልሷል። ድመትም ሦስቱን አጥንቶች ይዛ የአይጥን ኮቴ ታደምጣለች። ተፈጥሮ አጥንቱን ለወጠች እንጂ አልሰበከችም፤ ጆሮ በራሱ ደግ አይደለም። ምርጫው ለእኛ ተትቷል።

ታዲያ እንዴት ያለ መስማት ነው ሰውን የሚያከብረው? ከመድረክ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። አንዳንድ ተዋናይ ባልደረባው ሲናገር የራሱን ቃለ ተውኔት እየጠበቀ ይቆማል፤ ዝም ብሏል፣ ግን አይሰማም። ሌላው ግን የሚነገረው ሁሉ ፊቱን እየለወጠው ያዳምጣል። ተመልካች ዓይኑን ከዚህ ሁለተኛው ላይ አይነቅልም። መስማት ማለት በተሰማው ነገር ለመለወጥ ፈቃደኛ መሆን ነው፤ እርግብግቢትን በፈቃድ ክፍት አድርጎ እንደ መኖር ነው። የአናታችን ስፌት በዕድሜ ይጠናቀቃል፤ ዓይንም ቆብ አለው። ጆሮ ግን ክዳን አልተሠራለትም።

እኛ ስብሰባ የምንመራ፣ ክፍል ገብተን የምናስተምር፣ ብዕር ይዘን መድረክ የምንወጣ ሰዎች እንጀራችን በአፋችን ነው። የምንናገርበት መንጋጋ የዓሣ፣ የእንሽላሊት፣ የበግ፣ የዝንጀሮ ውርስ ነው፤ አያሳፍረንም። የምንሰማበትም ከዚያው ነው። አያቴ የበጉን ራስ ስታቀርብ ለእያንዳንዳችን ድርሻ ነበራት፤ ምላሱን ለአያቴ ባል፣ ጆሮውን ለልጆች ትሰጥ ነበር። «ለምን ጆሮ ብቻ?» ብለን ስናለቅስ «አስቀድማችሁ ስሙ፣ ምላሱ ይደርሳችኋል» ትለን ነበር። እነሆ ዛሬ ምላሱ ደርሶናል። ጆሮውን ግን ከማዕዱ እንዳናነሣው።